የአዋላጇ ሆድ

ፔርፔቱዋ የሚለው ስም የሚያገለግለው ደሞዝ ሲፈረም ብቻ ነው። በጊማራስ ደሴት ደቡብ ዳርቻ ባለችው የዓሣ አጥማጆች መንደር ልጅ አዋቂው የሚያውቃት ማናንግ ፔታንግ፣ ታላቅ እህት ፔታንግ በሚለው ነው። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ናት። በዚያ ዳርቻ የተወለደ ሕፃን ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የእሷን ፊት ነው፤ ፊቷም ፈገግታ የማይበዛበት በመሆኑ የመንደሩ ሰው «ልጆቻችን ሲወለዱ የሚያለቅሱት ወደው አይደለም» እያለ ይቀልዳል። ቀልዱን እሷም ሰምታዋለች። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም።

የራሷ ልጅ የላትም። ባሏ ቴርዮ የጭነት መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነው። ዓመቱን ባሕር ላይ ይከርምና ለጥቂት ሳምንታት ይመጣል፤ ጣሪያ ይጠግናል፣ ይወፍራል፣ ይሄዳል። በቀረው ጊዜ ፔታንግ የምትኖረው ከእናቱ ጋር ነው። ናናይ ኮንሲንግ፣ እናት ኮንሲንግ፣ ይባላሉ፤ ባላቸው ከሞተ ጀምሮ ጥቁር ያላወለቁ፣ ወሬ የማይወዱ ግን የማያመልጣቸው አሮጊት ናቸው። ምራታቸውን ያከብሯታል። ይወዷት እንደሆነ የጠየቃቸው ሰው የለም።

ባለፈው ዓመት፣ ቴርዮ ለእረፍት በመጣ ሰሞን፣ ፔታንግ ገላዋን ስትታጠብ ግራ ጡቷ ውስጥ ሽምብራ የምታክል ጠጣር ነገር አገኘች። በሌሎች ሴቶች ጡት ላይ በጣቷ ስለምታውቃት ምን ትሆን ብላ ጊዜ አላባከነችም። ፀጉሯን አድርቃ፣ ቁርሷን በልታ፣ ለቴርዮ «ኢሎኢሎ እንሻገራለን» አለችው።

«ለምን?»

«ለሐኪም።»

ቴርዮ ጣሪያ ሊጠግንበት ያዘጋጀውን ምስማር ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ተሻገረ።

በከተማው ሆስፒታል የምርመራው ውጤት እንደገመተችው ሆነ። ጡቱ ይወጣል። የቀዶ ጥገና ሐኪሟ ዶክተር ፓሎማር፣ ቁመቷ አጭር ንግግሯም አጭር የሆነ ሴት፣ በዚያው ዕለት ሌላ ጡት መሥራት እንደሚቻል ነገረቻቸው። ከእምብርት በታች ያለውን ቆዳና ስብ ከአንዱ የሆድ ጡንቻ ጋር፣ የደም ሥሩ ሳይበጠስ፣ በቆዳ ሥር ወደ ላይ አሳልፎ ደረት ላይ መስፋት ነው።

«ከሆዷ?» አለ ቴርዮ።

«ከሆዷ።»

«ሆዷስ?»

«ይሰፋል። ጠበቅ ይላል።»

ፔታንግ ጎንበስ ብላ ሆዷን አየችው። «ይሄን ሁሉ ዘመን ተሸክሜው ኖርኩ፤ አንድ ቀን ሥራ ሠርቶ አያውቅም» አለች። «ይሥራ።»

ሥራው ተሠራ። ለመንደሩ የሐሞት ጠጠር ተባለ፤ ለናናይ ኮንሲንግም እንዲሁ። ፔታንግ የሴቶቹን ሁሉ ገላ ታውቃለች፤ የማን ማሕፀን እንደወረደ፣ ማን ከማን ደብቃ እንዳስወረደች። የእሷን ገላ የሚያውቅ ግን ከባሏ በቀር አልነበረም፤ እንዲህ መኖሩንም ለምዳዋለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። ቴርዮም ስፌቱ እስኪደርቅ ቆይቶ ወደ መርከቡ ተመለሰ።

ዶክተሯ ለወራት ከባድ ነገር እንዳታነሳ አስጠንቅቃት ነበር። ፔታንግም ትእዛዙን እስከ ዝናቡ ወራት ድረስ ጠበቀች። አንድ ቀን ጠዋት ግን ምጥ የያዛት ሴት ከማዶ በጀልባ መጣች። ባሕሩ ተቆጥቶ ጀልባዋ ወደ ዳር መጠጋት አቃታት። ቀዛፊዎቹ ሴትዮዋን ለመንካት ፈሩ፤ አንዱ እንዲያውም ዓይኑን በመዳፉ ከልሎ ነበር። ፔታንግ እስከ ወገቧ ውኃው ውስጥ ገብታ ሴትዮዋን አቅፋ አወጣቻት። ልጁ በደህና ተወለደ። እጇን ስትታጠብ ከእምብርቷ በታች የሆነ ነገር እንደ አሮጌ ጆንያ ስፌት ተርተር ሲል ተሰማት።

ሌላ ሴት ብትሆን ኖሮ በማግስቱ ወደ ከተማ ትልካት ነበር። ራሷን ግን አልላከችም። ሩዝ ስለበዛብኝ ነው አለች። ሩዝ ቀነሰች። ሆዷ አልቀነሰም። ከወገቧ በታች ክብ ብሎ፣ ወደ ፊት ገፋ ብሎ፣ ከቀን ወደ ቀን ቅርጽ ያዘ። ቅርጹን ደግሞ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ በየቀኑ ስትለካው የምትውለው ቅርጽ ነው። ሰፊ ቀሚስ መልበስ ጀመረች። በመንደሩ ሰፊ ቀሚስ የሚለበሰው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያልበሰለ ማንጎ መጣላት። ማን እንዳመጣው ሳይታወቅ፣ ከጨዋማ የሽሪምፕ ድልህ ጋር፣ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ፔታንግ ያልበሰለ ማንጎ ከልጅነቷ ጀምሮ ትወዳለች፤ በላችው። ይህ ማስረጃ ሆነ። በማግስቱ ሦስት ሴቶች ማንጎ ይዘው መጡ፤ ስትበላም ቆመው አዩአት።

ቀጥሎ ወንበር መጣ። ገበያ ስትወጣ ደረቅ ዓሣ የምትሸጠው ሚንዳ ከሥሯ በርጩማ አንስታ ታቀርብላታለች። ሚንዳ ነገር የማታሳድር፣ አንደበቷ ከሚዛኗ የቀደመ ሴት ናት።

«ቁጭ በይ ማናንግ። መቆም ለአንቺ ጥሩ አይደለም።»

«ለምን?»

«እንዲያው። እግር ያብጣል።»

«እግሬ አላበጠም።»

«እግርሽማ አላበጠም» አለች ሚንዳ ዝቅ ብላ እያየች። ከዚያ ድምጿን ቀነሰች፤ የቀነሰችው ድምፅ ሥጋ ተራ ድረስ ይሰማል። «ስንት ወርሽ ነው?»

«ምኑ?»

«እኔ ምን አውቄ፤ አዋላጇ አንቺ።»

ፔታንግ ግማሽ ኪሎ ደረቅ ዓሣ ገዝታ ሄደች። «አላረገዝኩም» ማለት ይቀላት ነበር። ግን አላረገዝኩም ካለች ታዲያ ይሄ ምንድን ነው ይባላል፤ ሆዷን ካስረዳች ደግሞ ነገሩ ከሆዷ ወደ ደረቷ መውጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ዝም አለች። ዝምታዋ እንደ መልስ ተቆጠረ።

መንደሩ መቁጠር ጀመረ። ቴርዮ ከሄደ ወዲህ ያለውን ወር በጣታቸው ሲቆጥሩ አሥሩም ጣት አለቀባቸው፤ ሆዷ ግን የሚለው ስድስት ወር ነው። ሒሳቡ እንቢ ሲል አባት መፈለግ ተጀመረ። በረዶ የሚያመላልሰው ሰውዬ ተጠረጠረ፤ ምሎ ካደ። የጤና ጣቢያው ሾፌርም ተጠረጠረ። እሱ ስልሳ ዓመት አልፎታል፤ ወሬውን በሰማ በሳምንቱ ፀጉሩን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ሥራ ገባ። አላመነም፣ አልካደምም።

ናናይ ኮንሲንግ ለጥቂት ቀናት ኩርፊያ በሚመስል ዝምታ ከረሙ። ከዚያ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ፔታንግ ቤት ስትገባ ዶሮ ታርዶ፣ ካልበሰለ ፓፓያ ጋር ተቀቅሎ፣ ዝንጅብሉ ከደጅ እየሸተተ ጠበቃት።

«ብዪ» አሉ።

«ምን ተገኘ ናናይ? በዓል አለ እንዴ?»

«ብዪ አልኩሽ። ለሁለት ነው የምትበዪው።»

ፔታንግ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ማነው ብዬ አልጠይቅሽም» አሉ አሮጊቷ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የባላቸውን ፎቶ እያዩ። «ማወቅም አልፈልግ። ልጄ ዓመቱን ባሕር ላይ ነው። እኔም የባሕር ሰው ሚስት ነበርኩ፤ ቤት ምን ያህል ጭር እንደሚል አውቃለሁ። ብቻ አንድ ነገር ስሚኝ። አሥራ አንድ ወር በይ።»

«ምን?»

«እናቴ እኔን አሥራ አንድ ወር ነው የተሸከመችኝ። ይሄን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ዘር ነው እንላለን፤ ከእኔ ወደ ልጄ፣ ከልጄ ወደ ልጁ።»

«ናናይ፣ አሥራ አንድ ወር የሚባል እርግዝና የለም እኮ።»

«አዋላጅ ነሽ። አንቺ አለ ካልሽ አለ።»

ከዚያ ተነሥተው ከአልጋቸው ሥር ሣጥን ጎትተው አወጡ። ቴርዮ ሕፃን ሳለ የተጠቀለለባቸው ጨርቆች ናቸው፤ ታጥበው፣ ፀሐይ ውለው፣ ተጣጥፈዋል። አንዱ ላይ ቀዳዳ ነበር፤ በአዲስ ክር ተሰፍቷል። ፔታንግ ክሩን አየችው። የአሮጊቷ ዓይን በመርፌ ክር ማስገባት ካቆመ ዓመታት አልፈውታል፤ ክሩን ማን እንዳስገባላቸው እንኳ አላወቀችም። ለአንድ አፍታ ነገሩ እውነት በሆነ ብላ ተመኘች። ወዲያው ተነሥታ መስኮቱን ዘጋችና የቀሚሷን ቁልፍ ፈታች።

ናናይ ኮንሲንግ ለረጅም ጊዜ አዩ።

«የዚህኛው ጡት ጫፍ የታለ?»

«የለውም።»

«እሺ።»

ፔታንግ ቀሚሷን ዝቅ አድርጋ ከዳሌ እስከ ዳሌ የተጋደመውን ጠባሳ አሳየቻቸው።

«ከዚህ ቆርጠው እዚያ?»

«አዎ።»

«እዚህስ ምን ተኩ?»

«ምንም። ጣጣው እሱ ነው።»

አሮጊቷ ጣታቸውን ዘርግተው ያበጠውን ጫን አደረጉት። «ሳዪ» አሉ። ሳለች። ሆዷ ጣታቸውን ገፋው። «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«አንጀቴ ነው ናናይ።»

«ልጅ አይደለም።»

«አይደለም።»

ናናይ ኮንሲንግ ጨርቆቹን አንድ በአንድ አጣጥፈው ወደ ሣጥኑ መለሱ። ሳይታጠፍ የወጣ አንድም አልነበረም፤ እሳቸው ግን ሁሉንም ዘርግተው እንደገና አጠፉ። ሲጨርሱ ጀርባቸውን እንደሰጡ «ካንሰር ይዞሽ ሐሞት አልሽኝ» አሉ።

«አዎ።»

«ሐሞቱን ያወጣ ሰው ቅባት አይቀምስም ይላሉ። አንቺ ያንን ሁሉ የአሳማ ጥብስ ስትበዪ መንቃት ነበረብኝ።» ዞር አሉ። «ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው። ለአንድም ቢሆን ይበላል።»

ፔታንግ ቀሚሷን ቆልፋ በላች። አሮጊቷ አጠገቧ ተቀምጠው ከራሳቸው ሳህን የዶሮውን ጉበት አንስተው ሳህኗ ላይ አደረጉላት፤ ይህን ከዚያ በፊት ለቴርዮ ብቻ ነበር የሚያደርጉት።

በማግስቱ ቴርዮ ደወለ። ፔታንግ ስለ ሆዷ ስትነግረው ቀድሞ የሰማው ነገር እንዳለ ታወቃት።

«ሦስት ሰው ጽፎልኛል» አለ። «አንዱ የአጎቴ ልጅ ነው፤ ‘ሚስትህ ላይ የሆነ ነገር እየተሠራ ነው’ ይላል።»

«ምን አልከው?»

«‘አውቃለሁ፤ ሲሠራ በር ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቅ ነበር’ አልኩት። ከዚያ ወዲህ አልጻፈም።»

«ቴርዮ!»

«ምን? ውሸት ነው?»

ወደ ኢሎኢሎ ናናይ ኮንሲንግ አብረዋት ተሻገሩ። ቅሩ ያላቸው ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም አይቀሩም። ዶክተር ፓሎማር ፔታንግን አስተኝታ፣ አስልታ፣ ቀና በይ ብላ መረመረቻት። ፔታንግ ቀና ማለት አልቻለችም፤ ወደ ጎን ተንከባልላ በክንዷ ተደግፋ ተነሣች።

«ከባድ አታንሺ ብዬሽ ነበር።»

«ብለሽኛል።»

«ምን አነሣሽ?»

«ሴት።»

«ስንት ኪሎ?»

«ሁለት ነፍስ።»

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። ጡንቻው የተወሰደበት ቦታ ላይ የሆዷ ግድግዳ ሳስቶ እንደተለጠጠ፣ ዝም ብሎ ቢሰፋ ተመልሶ እንደሚለቅ ነገረቻቸው። ስለዚህ ተከፍቶ፣ የላላው ተሰብስቦ፣ ከላዩ ሰው ሠራሽ መረብ ተዘርግቶ ዙሪያውን ይሰፋል። ከመሳቢያዋ የእጅ መዳፍ የምታክል ቁራጭ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ነጭ፣ ስስ፣ ቀዳዳዎቿ ደቃቅ።

ናናይ ኮንሲንግ አንስተው በሁለት እጃቸው ጎተቱት።

«ይበሰብሳል?»

«አይበሰብስም እናቴ።»

«ታዲያ ሥጋዋ አይጠላውም?»

«አንዳንዴ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ያኔ ጣጣ አለው። ብዙውን ጊዜ ግን ሥጋው በቀዳዳዎቹ ውስጥ አልፎ ያድግና ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ አንድ አካል ይሆናል።»

«ስለዚህ በኋላ አውጡልኝ ብትል አይወጣም።»

«በቀላሉ አይወጣም።»

«ጥሩ» አሉ ናናይ ኮንሲንግ ቁራጩን እየመለሱ። «የሰጧትን ነገር ሁሉ ‘ለሌላ ሰው ይሁን’ እያለች የምትመልስ ሴት ናት።»

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ስትነቃ ከጎኗ ሁለት ቀጫጭን ቱቦ ወጥቶ ደም የቀላቀለ ውኃ ወደ ጠርሙስ ያወርድ ነበር፤ ወገቧም በሰፊ የሆድ መቀነት ተጠፍሯል። ሕመሙ ከመጀመሪያው ይብስ ነበር፤ ሳል ሲመጣባት ትራሱን ሆዷ ላይ ጭና ትስል ነበር። ሳቅም እንዲሁ ነበር፤ እሱ ግን ብዙ አላስቸገራትም። አማቷ አልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ ሰነበቱ። ነርሶቹ በሽተኛዋን እንድትራመድ ሊያደርጓት ሲመጡ ቀድመው ክንዷን የሚይዙት እሳቸው ነበሩ። «ቀስ በይ» ይላሉ፤ «ትደርሺብኛለሽ፣ እኔ ራሴ ቀስ ነው የምሄደው።» ሁለቱም ጎንበስ ብለው ኮሪደሩን ሲያቋርጡ ማን ማንን እንደደገፈ አይለይም ነበር።

ወደ መንደር የተመለሰችው ሆዷ ጠፍጣፋ ሆኖ ነው። ሕፃን አልያዘችም። ከጀልባ ስትወርድ ዳር ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሰላምታ ሰጥቶ ዝም አለ፤ ሁለት ሰዎች ቆባቸውን አወለቁ።

በሦስተኛው ቀን ሚንዳ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ኬክና አንድ ሻማ ይዛ መጣች። ገና ከበሩ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ናናይ ኮንሲንግ መስኮቱ ሥር ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር።

«አይዞሽ ማናንግ» አለች ሚንዳ። «እኛ አልፈረድንብሽም። ትንሽ ነው የፈረድነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ለነፍሱ ጸሎት አስደርገናል።»

«ለማን ነፍስ?»

«ለሕፃኑ። ስም ስላልነበረው ‘የማናንግ ፔታንግ’ ብለን አስጠራን። ሾፌሩ ቆሞ አለቀሰ።»

ፔታንግ አማቷን አየቻቸው። አሮጊቷ ላይናገሩ ቃል ገብተዋል፤ ባቄላውን የሚፈለፍሉት እንደ ጠላት አንገት እያነቁ ነበር። አንገቷን ደፍታ ኬኩን ብትቀበል ነገሩ እዚያው ያበቃል። መንደሩ ያዝንላታል፣ ይተዋታል። ሐሜቱን መሸከም ትችል ነበር። ላልነበረ ልጅ የተደረገው ጸሎት ግን ከበዳት፤ በተለይ አማቷ እዚያው ቤት ተቀምጠው ሲሰሙት።

«እጅሽን ታጠቢ» አለቻት።

ሚንዳ አዋላጇ ታጠቢ ስትል የማትታጠብ ሴት አይደለችም። ታጠበች። ፔታንግ የሚንዳን እጅ ይዛ መጀመሪያ ግራ ጡቷ ላይ፣ ቀጥሎ ከመቀነቱ በላይ ሆዷ ላይ አደረገችው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ከሽምብራዋ እስከ መረቡ፣ ለነፍሰ ጡር ምክር በምትሰጥበት በዚያው ደረቅ ድምጿ ነገረቻት። ሲያልቅ ሚንዳ ዝም አለች። ናናይ ኮንሲንግ ባቄላቸውን ትተው ቀና ብለው አዩአት፤ ሚንዳን ዝም ብላ አይተዋት አያውቁም።

«ግራሽ ከቀኝሽ ይሻላል» አለች ሚንዳ በመጨረሻ።

«ነግረውኛል።»

«ይሄ መረብ… ለወንድም ይሆናል?»

የሚንዳ ባል ዶሚንግ ቡአ አለበት። ለዓመታት በፎጣ አስሮ ሲደብቀው ኖሯል፤ የማያውቅ ሰው የለም።

«ይሆናል። የእሱማ ከእኔ ይቀላል።»

«ቢላዋ ይፈራል።»

«እኔም ፈርቼ ነበር በይው።»

«ፈርተሽ ነበር?»

«አዎ።»

ከሰማችው ሁሉ ሚንዳን ያስደነገጣት ይህ ይመስላል። ሻማውን ይዛ ወጣች፤ ኬኩን ተወችው። ፀሐይ ሳትጠልቅ መንደሩ በሙሉ አወቀ። አንዳንዱ ጡቱ ወደ ሆድ ነው የተወሰደው ብሎ ገለበጠው፤ ዋናው ነገር ግን ደረሰ። ሾፌሩ ሁለት ቀን ሥራ ቀረ። ሽበቱ ተመልሶ እስኪበቅል ቆብ አደረገ።

ከዚያ ወዲህ ጤና ጣቢያው ውስጥ አዲስ ነገር መጣ። ሴቶች ለልጅ ክትባት፣ ለራስ ምታት፣ ለምንም ይመጡና ሲወጡ በር ላይ ቆም ይላሉ። «ማናንግ፣ ስፌትሽን ላየው?» ይላሉ። መጀመሪያ ትቆጣ ነበር። ኋላ ግን እንዲህ የሚሉት ሌላ የሚሉት ነገር ስላላቸው መሆኑ ገባት፤ በሩን ዘግታ «የአንቺን አሳዪኝ» ማለት ጀመረች። ሁለቱን ወደ ከተማ ላከቻቸው። አንዷ ምንም አልተገኘባትም። ሌላዋ የሚንዳ ታናሽ እህት ነበረች፤ ታክማለች፣ ፀጉሯ አሁን እየበቀለ ነው። ዶሚንግም ተሰፋ። ፎጣውን ግን አልተወም፤ ለምዶታል።

ቴርዮ በገና ሰሞን መጣ። ወደቡ ላይ ሰዉ ፊቱን ሲያነብ እሱ የሚስቱን ሆድ አየና «ጠፍጣፋ ነው» አላት።

«ሻንጣ አላነሣም።»

«ማን አንሺ አለሽ?»

ምሳ ላይ እናቱ ነገሩን ሁሉ ከመጀመሪያው ተረኩለት፤ እሱ ራሱ የነበረበትንም ጭምር። ሁለት ቦታ ላይ ተሳሳቱ። ሊያርማቸው የሞከረ የለም።

ፔታንግ ዛሬም ከአልጋዋ የምትነሣው ወደ ጎን ተንከባልላ ነው። ብርድ ሲሆን መረቡ ያለበት ቦታ ይደነዝዛል፣ አንዳንዴም ይጎትታታል። ከባድ ነገር የምታነሣው ወጣቷ ነርስ ጄንሊን ናት። በጥር መጨረሻ ከማዶ ካለችው ትንሽ ደሴት ምጥ የያዛት ሴት አለች ተብሎ ተጠሩ። ጄንሊን ቦርሳውን ያዘች። ሁለት ዓሣ አጥማጆች እጃቸውን አጠላልፈው ፔታንግን እንደ ታቦት ተሸክመው ጀልባው ላይ አስቀመጧት፤ እሷም ፊቷን አጥቁራ ባሕሩን አየች። ናናይ ኮንሲንግ ዳር ቆመው «እንዳታነሺ! ጄንሊን፣ እንዳታነሣ!» እያሉ ጮኹ። ምጡ ረዘም አለ፤ ልጁ ተገላቢጦሽ ነበር። ፔታንግ በእጇ አዞረችው፤ ጄንሊን ሴትዮዋን ደግፋ አነሣቻት፤ ወንድ ልጅ በደህና ወጣ። ፔታንግ እጇን ታጠበች፣ የቀረበላትን ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ በላች፣ ማዕበሉ ጋብ እስኪል ጠብቃ ተሻገረች።